ሃያ ዘጠነኛው

«እንደ አዲስ አድርጌልሻለሁ» አለኝ የኔሰው፤ እኔ ሞኟም አመሰገንኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ነው ያመሰገንኩት። እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ያ ምስጋና ነው።

ጊዜው የካቲት 2001 ዓ.ም. ነው። ቦታው ሞጣ፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው የየኔሰው የኮምፒውተር ጥገና ቤት። ከቢቸና በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሬ፣ ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ እስኪቀየር ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ ፀጉሬ እስኪነጣ አቧራ ለብሼ ነው የደረስኩት። ማሽኔ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ያብረቀርቃል፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎታል። በጎኑ በፕላስተር የለጠፍኩት ቡናማ ፖስታ ግን የለም። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

«አሥራ ስድስት ፊልም ጭኘልሻለሁ» አለኝ። «ዘፈኑንማ ተይው፤ ዓመት ሙሉ ቢሰማ አያልቅም። ለደንበኛ የማደርገው ነው፤ አላስከፍልሽም።»

የእሱ ቢጤዎች ልማድ ነው። ማሽን ጠግነው ሲመልሱ ባዶ ዲስክ መስጠት ነውር ይመስላቸዋል፤ ፊልምና ዘፈን ጠቅጥቀው ነው የሚሰጡት። ሁለተኛው ምስጋናዬ ለፊልሞቹ ነበር።

ማውሱን ያዝኩና ዲስኩ የሚታይበትን መስኮት ከፈትኩ። ድሮ እዚያ ላይ ሁለት ነበሩ፤ ሲ እና ዲ። አሁን የማየው አንድ ሲ ብቻ ነው።

«ዲ የት ሄደ?» አልኩ።

«ቀላቀልኩት። አሁን አንድ ሰፊ ቤት ነው ያለሽ፤ አርባ ጊጋው ሙሉውን።»

«ውስጡ የነበረውስ?»

«እሱማ ቫይረስ በልቶት ነበር፣ እቴ ወይንእሸት። አንዱም የሚረባ አልነበረም። ጠራርጌ ጣልኩልሽ።»

ጠራርጌ ጣልኩልሽ ያለው አባቴን ነው።

ኮምፒውተር ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሃርድ ዲስክ ማለት አንድ ማሳ ነው። ባለሙያው መሐሉ ላይ ወሰን ያበጅና ሁለት ያደርገዋል፤ ፓርቲሽን የሚሉት ይህንን ነው። ፎርማት ማድረግ ደግሞ አንዱን ማሳ ከነበቀለበት አርሶ መገልበጥ ነው። ማሽኑን የሸጠልኝ የደብረ ማርቆስ ሰው ሲያስረክበኝ ወሰኑን በጣቱ እያሳየ ነግሮኛል። «ሲ የማሽኑ ነው፤ ሲታመም ይታረሳል። ዲ ያንች ነው፤ ማሽኑ ቢሞት እንኳ እሱ አይነካም።» እኔ ቢቸና ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ማመልከቻና ክስ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። የባለጉዳዩን ሁሉ ጣጣ ሲ ላይ አስቀምጣለሁ። ዲ ላይ የማስቀምጠው የአባቴን ቅኔ ብቻ ነበር።

አባቴን ቢቸናና ዙሪያዋ የኔታ አካለ ወልድ ይሏቸዋል። አርባ ዓመት ወንበር ዘርግተው ቅኔ አስተምረዋል። ቅኔ ደግሞ ለዕለቱ ነው። ለበዓሉ ወይም ለለቅሶው ይቀኙታል፣ ቆመው ይሉታል፣ አለቀ። በማግስቱ የትናንቱን የሚደግም መምህር ይታፈርበታል፤ የመምህሩን ቅኔ ይዞ የሚመጣ ተማሪማ ከጉባኤው ይባረራል፤ እያንዳንዱ በየቀኑ የራሱን አዲስ ይዞ መምጣት አለበት። ስለዚህ ያ ሁሉ ተማሪ ከአባቴ እጅ ወጥቶ አገሩን ሞልቶት የአባቴን ቅኔ በቃሉ የያዘ ሁለት ሰው አይገኝም። መጻፉንም አይወዱም ነበር፤ «የዕለት እንጀራ ተጠቅልሎ አይቀመጥም» ይሉኝ ነበር ስለምናቸው።

እናቴ ይርጋነሽ በሞተች በዓመቷ ግን ራሳቸው መጥተው ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጡና «ጻፊ» አሉኝ። ሁለት ዓመት ጻፍኩ። ከሥራ በኋላ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ስተይብ። አንድ መቶ አርባ ሦስት ቅኔ። እያንዳንዱ ለማን እንደተባለ፣ የት ደብር እንደተባለ፣ በምን ዓመት እንደሆነ። አንበጣ የወረደበት ዓመት አለበት። ወንድማቸው ዓባይ ድልድይ ላይ በመኪና የሞተ ቀን አለበት። ሃያ ዘጠነኛው እናቴ የተቀበረች ዕለት መቃብሯ ላይ የተቀኙት ነው። እሱን ስጽፍ ዓይኔ እንባ ስለሞላ ፊደሉን እያየሁ አልነበረም የምተይበው፤ ጣቴ ነው የጻፈው።

ከዚያ በ2000 ሰኔ ላይ ግማሽ ጎናቸውን ያዛቸው። ቀኝ እጃቸውም አንደበታቸውም አብረው ሄዱ። የቀረላቸው ጆሯቸውና ግራ እጃቸው ነው፤ አእምሯቸው ግን ከእኔ የተሻለ ነው። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አነብላቸዋለሁ። መጀመሪያ ከማውጫው ነው የምጀምረው፤ የየቅኔውን መነሻ ሁለት ሦስት ቃል በተራ እጠራለሁ። የማይፈልጉትን አንድ ጊዜ የአልጋውን ጠርዝ መታ አድርገው ያሳልፉታል። የሚፈልጉት ላይ ስደርስ እጃቸውን ያነሳሉ፤ ያን ጊዜ ሙሉውን አነባለሁ። ከተሳሳትኩ ሁለት ጊዜ ይመታሉ። ድሮ ተማሪ ሲያበላሽ በመቋሚያቸው መሬቱን እንዲሁ ሁለት ጊዜ ነበር የሚመቱት። ያቺ አንድ ሰዓት ለአባቴ ከመድኃኒቱም ከምግቡም ትበልጣለች። በቀረው ሰዓት የሚያዩት ጣራ ነው።

ለምን በወረቀት አላተምሽውም የሚል ይኖራል። አስተካክዬ ስጨርስ በጥሩ ወረቀት አንድ ጊዜ አሳትመዋለሁ እያልኩ ነው። ለምን ፍላሽ ላይ አልገለበጥሽውም? ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል ብዬ ማንም እንዲሰካብኝ አልፈቅድም፤ እኔም አልሰካሁም። ይኸውና የራሴን ጥፋት ተናገርኩ። ለየኔሰው ግን አልነገርኩትም፤ እሱ ፊት ጥፋተኛ ልሆንለት አላሰብኩም ነበር።

ማሽኑ እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግረኝ በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አቅፌ ሞጣ ድረስ ወሰድኩት። ቢቸና የሚጠግን ስላልነበረ ነው። የኔሰው ባሕር ዳር ተምሮ የመጣ፣ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አድርጎ የሰቀለ ነው አሉኝ። ሲ ድራይቭን ብቻ ፎርማት አድርግ አልኩት። ዲ እንዳይነካ አልኩት። እንዳይረሳ ብዬ ፖስታ ላይ በትልቁ ጽፌ ማሽኑ ላይ ለጠፍኩበት። «ዲ አይነካ። ሲ እንዳለቀ መጀመሪያ ይህን ፊደል ጫን። ከተቸገርክ ደውልልኝ» የሚል፣ ከነስልክ ቁጥሬ። ውስጡ የግእዙ ፊደል ያለበት ሲዲ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሞጣዋ ቤት ልመለስ።

«ቫይረስ መሆኑን እንዴት አወቅህ?» አልኩት። ድምፄ ገና ደህና ነበር።

«አታምኝኝ ይሆናል ብዬ አንዱን አትሜ አስቀምጫለሁ» አለና ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። በኩራት ነው ያወጣው። ገጹ ከላይ እስከ ታች በባዕድ ምልክት ተሞልቷል፤ ጭራ ያላቸው የፈረንጅ ፊደሎች፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት፣ የገንዘብ ምልክት፣ እዚህም እዚያም ባዶ ሳጥን። «አንች እንዳልሽው መጀመሪያ ሲን ብቻ ነው የሠራሁት። ከዚያ ላስረክብሽ ስል እስቲ ዲን ልይ ብዬ ሦስት ፋይል ከፈትኩ፤ ሦስቱም እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ቫይረስ አንድ ጥግ ከቀረ ተመልሶ ሁሉንም ይበላል። ስለዚህ እንደገና ከሀ ጀመርኩልሽ። ሁለቱንም ክፋይ አጥፍቼ አንድ አደረግኩት። ፎርማቱንም የችኮላውን ሳይሆን ሙሉውን፤ ግማሽ ቀን ነው የፈጀብኝ።»

ወረቀቱን እንዳየሁት አወቅሁ። የደንበኛ ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ አማርኛውም ግእዙም የሚጻፈው ለብቻው በሚጫን ፊደል፣ ፎንት በሚሉት ነው። ፊደሉ ማሽኑ ላይ ከሌለ ጽሑፉ አይጠፋም፤ ማሽኑ የሚያውቀውን የፈረንጅ ምልክት አልብሶ ነው የሚያሳይህ። ፊደሉን መልሰህ ስትጭን ሁሉም ቦታው ይገባል። ሲ ሲታረስ ፊደሉም አብሮ ታርሷል፤ አለቀ። ቫይረስ አልነበረም። የአባቴ ቅኔ በሙሉ፣ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል፣ ዲ ላይ ተቀምጣ ያንን ሲዲ ትጠብቅ ነበር።

«ፖስታው የት አለ?» አልኩት።

«የቱ ፖስታ?»

«እዚህ ጎን ላይ የነበረው።»

መሳቢያውን እንደገና ሳበ። ፖስታው እንደታሸገ ነው። «ስወለውለው ፕላስተሩ አስቀያሚ ሆኖ ነው ያነሳሁት» አለ። ከዚያ የተጻፈበትን አነበበ። ሲያነብ ፊቱን አየሁት። ቀስ ብሎ ነው የገባው፤ ሲገባው ግን ከንፈሩ ነጣ።

«ክፋዩን ስታጠፋ ማሽኑ ይጠይቅህ የለም?» አልኩት።

«ይጠይቃል።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ። እርግጠኛ ነህ ወይ ይላል።»

«ቆርቆሮው ሁለት ጊዜ ጠየቀህ። አንተ እኔን አንድ ጊዜ መጠየቅ አቃተህ? ቁጥሬ አፍንጫህ ስር ተለጥፎ?»

የተናገርኩትን ሁሉ አላስታውሰውም። ጎረቤቱ ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን አቁሞ በር ላይ እንደቆመ አስታውሳለሁ። የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አውርደህ ፎርማት አድርገው ማለቴንም አስታውሳለሁ። የኔሰው አንገቱን ደፍቶ «ተይ፣ የጠፋ የሚመልስ ሶፍትዌር አለኝ፤ ልሞክር» አለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሞከረ። ከዲስኩ ውስጥ እየተቆራረጠ የመጣው ሁሉ ፊልም ነው። አንዱ ሲተኩስ፣ አንዷ ስታለቅስ። አባቴ የነበሩበት መሬት ላይ አሥራ ስድስቱ ፊልም ተኝቶበታል።  በነጻ ነው የጫንኩልሽ ያለኝ ስጦታ ነው የመጨረሻዋን ተስፋ የቀበራት።

ማሽኑን ተሸክሜ ስወጣ ያንን ወረቀትና ፖስታውን ከጠረጴዛው ላይ መንጭቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። «ፍርድ ቤት እንገናኛለን» አልኩት። ክስ መጻፍ ሥራዬ ነው።

አባቴን ግን ምን ልበላቸው? ማታ እንደገባሁ ዓይናቸው ወደ እጄ ሄደ። «ገና አልዳነም፣ አባየ፤ ትንሽ ቀን ይፈልጋል» አልኳቸው። ማሽኑን በጋቢው እንደተጠቀለለ የሱቁ ጠረጴዛ ስር ደበቅሁት። ሱቄና የእሳቸው አልጋ በአንድ መጋረጃ ነው የሚለያዩት። በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የአልጋውን ጠርዝ አንድ ጊዜ መታ አደረጉ። «ገና ነው፣ አባየ» አልኩ። እንደገና መታ አደረጉ። በሕይወቴ አባቴን ዋሽቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ ያን ሰውዬ ይበልጥ የጠላሁት ያን ጊዜ ነው።

ዓርብ ዕለት ክሱን መጻፍ ጀመርኩ። ከሳሽ፣ ወይንእሸት አካለ ወልድ። ተከሳሽ፣ የኔሰው። የክሱ ምክንያት ሁለት ገጽ ወጣው፤ ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ ለማንም ባለጉዳይ እንዲህ ጽፌ አላውቅም። የጠፋው ንብረት ግምት በብር የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ምን ብዬ ልገምት? ዘልዬው ማስረጃ ወደሚለው ሄድኩ። «አንድ ገጽ ወረቀት» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁት።

ሞጣ ላይ በንዴት ስላየሁት በደንብ አላየሁትም ነበር። አሁን አየሁት። ከላይ መሐል ላይ አንድ አጭር ቃል አለ፤ ከስሩ ተሰምሮበታል። ከዚያ በታች መስመሮቹ በተራ ተደርድረዋል። ምልክቱ ሁሉ ባዕድ ቢሆንም በየመስመሩ ራስ ላይ ያለው ቁጥር ግን ይነበባል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይወርዳል። ማውጫው ነው። የኔሰው ያተመው የማውጫውን የመጀመሪያ ገጽ ነው።

ማሽኑን ከተደበቀበት አወጣሁና ሲዲውን ከፖስታው አውጥቼ ፊደሉን ጫንኩ። ከዚያ ከወረቀቱ ላይ የመጀመሪያውን ምልክት በዓይኔ ይዤ፣ ማሽኑ ላይ ምልክቶች ሁሉ ተደርድረው ከሚታዩበት ሣጥን ውስጥ እሱን የሚመስለውን ፈልጌ አስገባሁት። ጥቁር አድርጌ መረጥኩትና ፊደሉን ወደ ግእዝ ቀየርኩት። «ማ» ሆነ። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት።

ራሴ ቁጭ ብዬ ልጨርሰው እችል ነበር። ግን ለምን? ስልኩን አነሳሁ።

«ነገ በመጀመሪያው መኪና ቢቸና ና» አልኩት የኔሰውን።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መጣ። ብቻውን አልነበረም። አጎቱን አቶ ባንተአምላክን አስከትሏል፤ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ በትር የያዙ፣ ለሽምግልና የተዘጋጁ ሽማግሌ። ገና ደጃፉ ላይ ቆመው «ልጀ፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም፤ እኛም ጥፋታችንን አውቀን...» ብለው ጀመሩ።

«አቶ ባንተአምላክ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ለእርቅ አይደለም የጠራሁት። ለሥራ ነው። እርስዎ እዚህ አረፍ ይበሉ። አንተ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ በል። ሁለታችሁም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ አባቴ ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው፤ የሆነውን አልሰሙም።»

«አባትሽ ማን ናቸው?» አሉኝ ሽማግሌው።

«የኔታ አካለ ወልድ።»

አቶ ባንተአምላክ ቀስ ብለው ወደ የኔሰው ዞሩ። «የኔታን ነው?» አሉት። «ደብረ ወርቅ ማርያም ቆመው ሲቀኙ በወጣትነቴ ሰምቻቸዋለሁ። የአንዲት ማመልከቻ ጸሐፊ ወረቀት ጠፋ አልከኝ እንጅ የእሳቸው ነው መች አልከኝ?» ከዚያ በኋላ ሽምግልናውን ትተው ከእኔ ጋር ሆኑ።

ሥራው የጀመረው በአራት ሰዓት ነው። እኔ ወረቀቱን ይዤ ምልክቱን በጣቴ አሳያለሁ፤ የኔሰው ከሣጥኑ ውስጥ ይፈልጋል፤ ያስገባል። ቀጥሎ ሌላው። አንዱ የግእዝ ፊደል ሁለት ምልክት ሊሆን ይችላል። ጭራው ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ? ነጥቡ አንድ ነው ሁለት? ሲሳሳት እቆጣዋለሁ። በሹክሹክታ መቆጣት እንዴት ያለ ሥቃይ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ ጉሮሮዬ ታመመ። መብራት ይሄዳል ብዬ ስለምፈራ በየመስመሩ መጨረሻ ሴቭ አስደርገዋለሁ። አሁን ደግሞ ፍላሽም ሰክተናል። አንዱ ይሰካ አልኩ፤ ሌላውም ይሰካ።

የኔሰው አልተማረረም። ይህን ለእውነት ስል እናገራለሁ፤ እንዲማረር ፈልጌ ነበርና ትንሽ አናደደኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ምሳ አቀረብኩላቸው፤ ሽማግሌው ቀመሱ፤ እሱ ዓይኑን ከማሽኑ ሳያነሳ «ይለፈኝ» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። አንድ ጊዜ በሹክሹክታ «እቴ ወይንእሸት፣ ሁሉንም አትሜው ቢሆን» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ሁሉንም አትመኸው ቢሆን።» 

ሃያ ስምንተኛው መስመር ሲያልቅ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። «አሁን ሁሉንም ምረጠው» አልኩት። መረጠው። ገጹ ጠቆረ። «ፊደሉን ቀይረው።»  ተጫነ።

ያ ሁሉ ጭራና ቅንፍ በአንድ አፍታ ወደ ቦታው ገባ። «ማውጫ» ይላል፤ ከስሩ ተሰምሮበታል። ከታች ሃያ ስምንት መነሻ። ባዶ ሳጥን ሆነው የታተሙት ቦታዎች ባዶ ቀርተዋል፤ ግን ጎረቤቶቻቸው ስላሉ ምን እንደነበሩ አውቃለሁ። አቶ ባንተአምላክ ተነሥተው ቆሙ። እኔ ሳላስበው ጮክ ብዬ የመጀመሪያውን አነበብኩ።

ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው አንድ ጊዜ መታ ተደረገ።

ሰዓቱ የእሳቸው ሰዓት ነው። ድምፄን ሰምተዋል፤ ማሽኑ ዳነ ብለዋል። ምን ላድርግ? መጋረጃውን ሰበሰብኩት። አባቴ በትራስ ተደግፈው ወደ እኛ ይመለከታሉ። ሁለቱን እንግዶች አይተው ዓይናቸውን ዝቅ በማድረግ ሰላምታ ሰጡ። ከዚያ ግራ እጃቸውን ጠርዙ ላይ አስተካክለው አስቀመጡ፤ ቀጥይ ማለታቸው ነው።

ቀጠልኩ። ሁለተኛውን ጠራሁ፤ አንድ ጊዜ መቱ። ሦስተኛውን፤ አንድ ጊዜ። እጃቸውን እንዲያነሱ እየለመንኩ ነው የማነበው። አንዱን ቢመርጡ፣ ከመነሻው ተነሥቼ የቀረውን ከጭንቅላቴ አወጣዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ጽፌዋለሁ፣ ስምንት ወር አንብቤዋለሁ፤ ስሳሳት ደግሞ ይመቱልኛል፤ የኔሰው ይጽፋል። ይህን ዘዴ ዓርብ ዕለት ነው ያሰብኩት፤ በዚያ ዘዴ ተስፋ አድርጌ ነው የዋልኩት። አሥረኛው ላይ አልመረጡም። አንበጣው አሥራ አራተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይመርጡታል፤ አሳለፉት። ወንድማቸው ሃያ አንደኛ ነው፤ አሳለፉት። ሃያ አምስተኛው ላይ ስደርስ ቀኑ ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ነው። እናቴ የተቀበረችው ቅዳሜ ነው። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰሙት ሌላ አይደለም።

ሃያ ስምንተኛውን በጣም በቀስታ አነበብኩ። አንድ ጊዜ መቱ። ከዚያ እጃቸውን አነሱ።

ገጹ እዚያ ላይ አለቀ።

እጃቸው አየር ላይ ናት። ሃያ ዘጠነኛውን ሳልጠራው ነው ያነሷት። መነሻውን ፈለግሁት፤ የለም። የማስታውሰው የእንባውን ሙቀት ብቻ ነው። ወደ የኔሰው ዞር አልኩ። እሱም ገብቶታል፤ ልጁ አያሳዝንም አልልም። ሦስት ቀን ሙሉ ለእሱ ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ አፌ ላይ ነበር፤ አባቴ ፊት «ይኸውና ይሄ ነው ያጠፋብዎት» ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«የለም፣ አባየ» አልኩ። «ጠፍቷል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ጠፍቷል። አንድ ቅጂ እንኳ አላስቀረሁም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

እጃቸው እንደተነሳች ቆየች። አቶ ባንተአምላክ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከዚያ አባቴ እጃቸውን አወረዱና የአልጋውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ መቱ።

ስሕተት ነው ማለታቸው ነው። አልሰሙኝም ይሆናል ብዬ «ጠፍቷል እኮ» አልኩ። ሁለት ጊዜ መቱ፤ ይኸኛው ጠንከር ያለ ነበር፤ ድሮ የሰነፈ ተማሪ ላይ የሚመቱት ዓይነት። አልጠፋም ነው የሚሉኝ። እሳቸው ጋ አለ። እንደገና እጃቸውን ጠርዙ ላይ አስተካክለው አስቀመጡና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ቁጥር ሃያ ዘጠኝ ብለህ ጻፍ» አልኩት የኔሰውን። ጻፈ። ከዚያ ለቅሶ ላይ ከሚባለው ሁሉ አፌ ላይ የመጣልኝን የመጀመሪያውን ቃል አልኩ። አባቴ ሁለት ጊዜ መቱ።

«አጥፋው» አልኩት፤ ሌላ ቃል አልኩ።